«ጊዜው አልቋል»፦ ውል አላድስም ያለ አከራይና ቤት አልለቅም ያለ ተከራይ በታሪክ ውስጥ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። ዓረፍተ ነገሩም «የውላችን ጊዜ አልቋል፤ ከእንግዲህ አላድስም» የሚለው ነው። በውል ሕግ ዓይን ሲታይ በዚህ ንግግር ውስጥ በደል የለም። ሁለት ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ተስማሙ፤ ጊዜው አለቀ፤ አንደኛው ወገን መቀጠል አልፈለገም። ገንዘብ አልተከለከለም፣ ቃል አልታጠፈም። ሆኖም ያንን ቃል የሚሰማው ቤተሰብ ልጆቹ ከሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እናቲቱ ዱቤ ከምትወስድበት ሱቅ፣ አባትየው ከተመዘገበበት ዕድርና ዕቁብ በአንድ ጊዜ ይነቀላል። ሕግ ምንም እንዳልተፈጸመ የሚቆጥረው ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ትልቁ ክስተት ይሆናል። የታሪክ ተመራማሪን የሚስበውም ይኸው በሕጉና በኑሮው መካከል ያለው ርቀት ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ቃል እርቃኑን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ልብስ ይለብሳል። «ወንድሜ ከውጭ ሊገባ ነው»፣ «ልጄን ልድር ነው»፣ «ቤቱን ላሳድሰው አስቤአለሁ» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ወንድምየው በእርግጥ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተከራዩ በወጣ በሳምንቱ ደላላው ያንኑ ቤት በሌላ ዋጋ ለሌላ ሰው ያሳያል። የሚገርመው ነገር፣ ባለቤቱን ምክንያት እንዲሰጥ የሚያስገድደው ነገር በሌለበት ዘመን እንኳ ምክንያት መስጠቱ ነው። ያስገደደው ይሉኝታ ነው። ዛሬ የማነሣው ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ፣ በይሉኝታ ይነገር የነበረውን ምክንያት ዳኛ ፊት ቀርቦ ወደሚመዘን ምክንያት የመለወጥ ረጅም ሙከራ ነው።

መከራከሪያዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሕግ የኪራይን ዋጋ ቢወስንና የውሉን መታደስ ግን ለባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ቢተው፣ ዋጋውንም አልወሰነም። ያለ ምክንያት የማስወጣት ሥልጣን ራሱ ዋጋ የመጨመር ሥልጣን ነውና። ከዚህም አልፎ ተከራይን ዝም የማሰኘት ሥልጣን ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ለማማረር የሚፈራ ሰው የሚፈራው የውሉን ማብቂያ ቀን ነው።

ይህን ለማሳየት አብዛኛውን ጊዜዬን በብሪታንያ ታሪክ ላይ አውዬ፣ በመጨረሻ ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ብሪታንያን የመረጥኩት በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ዋጋንም መቆያንም ጠብቃ፣ አንዱን ብቻ ጠብቃ፣ ሁለቱንም ለቅቃ ስላየችው ነው። የእያንዳንዱ ሙከራ ሰነድ በእጅ አለ። የዓመታቱን አቆጣጠር በተመለከተ፣ የውጭውን ታሪክ በጎርጎርዮሳዊው፣ የኢትዮጵያን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በብሪታንያ ከአሥር አባወራ ዘጠኙ ያህል በግል ባለቤቶች ቤት በኪራይ ይኖር ነበር። መከራየት የድሆች ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ ሐኪሙም ጸሐፊውም ተከራይ ነበር። በስኮትላንድ ከተሞች፣ በተለይም በግላስጎው፣ ሠራተኛው የሚኖረው በአንድ ደረጃ ብዙ ቤተሰብ በሚወጣባቸው ከፍ ያሉ የድንጋይ ሕንፃዎች ውስጥ ሲሆን፣ ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት የባለቤቶቹ ወኪሎች ነበሩ። ቀደም ሲል ኪራይ በዓመት ይዋዋሉት ነበር፤ ዓመቱ የሚያበቃው በሜይ 28 ስለሆነ በዚያ ቀን ከተማው በሙሉ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ቤት የሚቀያየር ይመስል ነበር። በ1911 የወጣ ሕግ ለአነስተኛ ቤቶች አጫጭር ኪራይን አመጣ። ለተከራዩ ነጻነት ተብሎ የመጣው ለውጥ ለወኪሉም ጠቀመ፤ በዓመት አንዴ የነበረው የመጨመርና የማስወጣት ዕድል በየወሩ ሆነ። የውል ዘመን ማጠር ለማን እንደሚጠቅም በወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ የሚወስነው ቤት የጠፋ መሆኑ ወይም የተትረፈረፈ መሆኑ ነው።

በ1914 እና በ1915 ቤት ጠፋ። ወደ መርከብ መሥሪያዎቹና ወደ ጥይት ፋብሪካዎቹ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ጎረፈ፤ የቤት ግንባታ ቆመ። ወኪሎቹ ዋጋ ጨመሩ፤ አልከፍልም ያለውን የመልቀቂያ ወረቀት ሰጡት። ከሚያስለቅቋቸው መካከል ባሎቻቸው በፈረንሳይ ጦር ግንባር ያሉ ሴቶች ነበሩ። ነገሩን ያቀጣጠለውም ይህ ነው። በጎቫን ሠፈር ሜሪ ባርበር የምትባል የቤት እመቤት ጎረቤቶቿን በየደረጃው አደራጀች። ሄለን ክሮፈርድና አግነስ ዶላንም በዚሁ እንቅስቃሴ ስማቸው ይነሣል። በየመስኮቱ «አንለቅም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ በሠፈሩ ብቅ ሲል ሴቶቹ ደወል ይደውላሉ፤ ልብስ የምታጥበው ልብሷን፣ ሊጥ የምታቦካው ሊጧን ትታ ደረጃው ላይ ትወጣለች፤ አስፈጻሚው ዱቄት ተደፍቶበት ይመለሳል። በመኸሩ ማብቂያ የተጨመረውን ኪራይ ያልከፈለው አባወራ ሃያ ሺህ ገደማ እንደነበረ ይገመታል።

ኖቬምበር 17 ቀን 1915 አሥራ ስምንት የጦር መሣሪያ ሠራተኞች በኪራይ ምክንያት ፍርድ ቤት ተጠሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ፍርድ ቤቱ ተመመ፤ ከመርከብ መሥሪያዎቹም ሠራተኛው ሥራ ጥሎ ወጣ። ክሱ ተነሣ። በቀጣዩ ወር፣ በዲሴምበር 1915፣ ፓርላማው የቤት ኪራይና የመያዣ ብድር ወለድ ጭማሪን የሚገድበውን የጦርነት ጊዜ ሕግ አወጣ። ከሰልፉ እስከ ሕጉ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት አይሞላም። መንግሥት ለተከራይ በድንገት ያዘነ አይምሰላችሁ። ያስጨነቀው የጥይት ምርት መቋረጥ ነበር።

ይህ ሕግ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። የኪራዩን ዋጋ በኦገስት 3 ቀን 1914፣ ማለትም በጦርነቱ ዋዜማ፣ በነበረበት ላይ አቆመው። የሕጉ ረቂቅ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባለቤቱ ተከራዩን አስወጥቶ አዲስ ሰው ከማስገባት የሚከለክለው ተግባራዊ ነገር ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ቋጠሮ ታሠረ፤ ተከራዩ ኪራዩን እስከከፈለና ግዴታውን እስከተወጣ ድረስ ፍርድ ቤት የማስለቀቅ ትእዛዝ አይሰጥም። ከዚህ ወጣ የሚሉት ምክንያቶች ተቆጥረው ተጻፉ፤ ቤቱን ማበላሸት፣ ጎረቤት ማወክ፣ ባለቤቱ ለራሱ ወይም ለሠራተኛው መኖሪያ በአግባቡ መፈለጉ፣ ወይም ፍርድ ቤቱ በቂ ብሎ የሚቀበለው ሌላ ምክንያት። ሦስተኛም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕጉ ለባለቤቱ ያበደረውን ሰውም ወለድ እንዳይጨምርና ብድሩን በድንገት እንዳይጠራ ከለከለ። ሕግ አውጪዎቹ በባለቤቱ ላይ የተጫነው ሸክም ከላይ እንዳይጨፈልቀው አስበዋል ማለት ነው። የኋለኞቹ ሕጎች ይህን ያህል አርቀው ያሰቡ አይመስለኝም።

የሕግ ተማሪዎች በዚህ ውስጥ ያለውን አብዮት ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። ሕጉ ውሉ አይልቅም አላለም። ውሉ ያልቃል። ያለቀው ውል ግን ተከራዩን ከቤቱ አያስወጣውም። የእንግሊዝ ዳኞች ለዚህ እንግዳ ፍጡር ስም ማውጣት ነበረባቸው፤ «ሕግ ያቆየው ተከራይ» ልንለው እንችላለን። በ1924 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ ሰው ያለው መብት የንብረት መብት እንዳልሆነ፣ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ወይም ሊያስተላልፈው እንደማይችል፣ ያለው ነገር ከቤቱ ያለመነቀል ግላዊ መብት ብቻ እንደሆነ ወሰነ። ባለቤትም አይደለም፣ ተዋዋይም አይደለም፤ ነገር ግን በሩን ዘግቶ ያድራል።

ሕጉ እንደ ወጣ መሸሻ መፈለጉ አልቀረም። ባለቤት «ለራሴ መኖሪያ እፈልገዋለሁ» ማለት ይችላልና፣ ከነተከራዩ ቤት የሚገዛ ሰው በዛ፤ ገዥው በማግስቱ ለራሴ እፈልገዋለሁ ይላል። የእኛ «ወንድሜ ሊመጣ ነው» በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በ1918 ፓርላማው ሕጉን አሻሽሎ፣ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1917 በኋላ ቤቱን የገዛ ሰው በዚህ ምክንያት ተከራይ ማስወጣት እንዳይችል አደረገ። ምክንያትን የሚጠይቅ ሕግ ሁሉ ይህን ፈተና ይጋፈጣል፤ ምክንያት መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱ እውነት መሆኑን የሚያጣራ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ለጦርነቱ ዘመንና ለስድስት ወር ተብሎ የወጣው ሕግ በተለያየ መልክ ከሰባ ዓመት በላይ ቆየ። የመሐሉን ታሪክ በፍጥነት ልለፈው። በ1920 ሰፋ፤ በ1923 ደግሞ ተከራይ የለቀቀው ቤት ከቁጥጥር ውጭ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1939 ሌላ ጦርነት ሲመጣ ቁጥጥሩ እንደገና ከሞላ ጎደል በሁሉም ቤት ላይ ወደቀ። ከእነዚህ ውስጥ የ1923ቱ ውሳኔ ልብ ሊባል ይገባል። የተቀመጠ ተከራይ ይጠበቃል፤ ሲወጣ ግን ዋጋው ይፈታል። በወረቀት ላይ አስታራቂ ሐሳብ ይመስላል። በተግባር ግን ባለቤቱ ተከራዩ እንዲወጣ የሚመኝበትን ምክንያት ሕጉ ራሱ ሰጠው።

የዚህ ምኞት ፍሬ ሙሉ በሙሉ የታየው ከ1957ቱ የኪራይ ሕግ በኋላ ነው። የወግ አጥባቂው ፓርቲ መንግሥት ከፍ ያለ ግምት ያላቸውን ቤቶች ወዲያውኑ፣ የቀሩትን ደግሞ ተከራይ ሲቀየር ከቁጥጥር እንዲወጡ አደረገ። ሐሳቡ ገበያው ሲፈታ የሚከራይ ቤት ይበዛል የሚል ነበር። በምዕራብ ለንደን፣ በኖቲንግ ሂል አካባቢ፣ ፒተር ራክማን የሚባል ነጋዴ ሒሳቡን በሌላ መንገድ ሠራው። አሮጌ ተከራይ ያለበት ቤት ርካሽ ነው፤ ባዶ ቤት ውድ ነው። ስለዚህ ከነተከራዩ በርካሽ ይገዛል፤ ከዚያ ተከራዩ «በፈቃዱ» እንዲወጣ ይደረጋል። በሌሊት ሙዚቃ፣ በተሰበረ በር፣ በተቋረጠ ውኃ፣ በውሻ። በባዶው ክፍል ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ስደተኞች በከፍተኛ ኪራይ ይገባሉ። ስደተኞቹ ሌላ ቦታ ሲሄዱ «ጥቁር አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ ስለሚጠብቃቸው አማራጭ አልነበራቸውም፤ ከእነርሱ መካከል ራክማንን ቢያንስ በር የከፈተልን ሰው ነው ብለው ያስታወሱት እንዳሉም መናገር ተገቢ ነው። ራክማን በ1962 ሞተ፤ ስሙ የገነነው በማግሥቱ ዓመት፣ የጦር ሚኒስትሩን የፕሮፊውሞን ቅሌት ተከትሎ ነው። ዛሬ «ራክማኒዝም» በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ራክማንን እንደ አንድ ክፉ ሰው ታሪክ ብቻ ብንተርከው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ሕጉ በባዶ ቤትና ሰው ባለበት ቤት መካከል ትልቅ የዋጋ ልዩነት ፈጠረ፤ ልዩነቱን የሚሰበስብ ሰው መምጣቱ አይቀሬ ነበር። በ1965 የወጣው የሚልነር ሆላንድ ኮሚቴ ሪፖርት የለንደንን ቤቶች መርምሮ የተከራዮችን እንግልት በሰነድ አረጋገጠ። በ1964 ጊዜያዊ፣ በ1965 ደግሞ የተሟላ ሕግ ወጣ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስወጣት ተከለከለ፣ ተከራይን ማንገላታት ወንጀል ሆነ፣ ፍትሐዊ ኪራይን የሚወስን ሹም ተመደበ። የ1915ቱ ሁለት ቋጠሮዎች፣ ዋጋና መቆያ፣ እንደገና አንድ ላይ ታሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ የጎንዮሽ ነገር ላንሣ። በ1954 የብሪታንያ ፓርላማ ለንግድ ቤት ተከራዮች ውል የማደስ መብት ሰጥቶ ነበር። ባለቤቱ አላድስም ለማለት ከሰባት የተቆጠሩ ምክንያቶች አንዱን ማቅረብ አለበት። ሕጉ በልዩ ልዩ መልኩ እስከ ዛሬ አለ። እናም በ1957 እና በ1965 መካከል በአንድ የለንደን ጎዳና ላይ ምድር ቤት ያለው ጫማ ሰፊ «ውሌን አድስልኝ» የማለት መብት ሲኖረው፣ ከላይ ፎቅ አዲስ የገባው ቤተሰብ አልነበረውም። የነጋዴው ደንበኛ ዋጋ ያለው ንብረት ሆኖ ሲታይ የቤተሰቡ ጉርብትና እንደዚያ አልታየም። ሕግ የሚያየው ሊተመን የሚችለውን ኪሳራ ነው።

በ1988 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሁለቱንም ቋጠሮዎች ፈታ። ከጃንዋሪ 1989 ጀምሮ ለሚፈረሙ ኪራዮች ዋጋው በገበያ ይወሰናል፤ በአንቀጽ 21 መሠረት ደግሞ የአጭር ጊዜ ውሉ ሲያልቅ ባለቤቱ በሁለት ወር ማስታወቂያ፣ ምንም ምክንያት ሳይሰጥ፣ ቤቱን ማስለቀቅ ይችላል። ማስታወቂያው በሥርዓቱ ከተሰጠ ዳኛው ትእዛዙን ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለውም። የ1996 ሕግ ይህን ዓይነት ውል መደበኛው አደረገው፤ ተዋዋዮች ሌላ ካልጻፉ በቀር ያ ይጸናል።

ለዚህ ውሳኔ ተገቢውን ክብደት መስጠት ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የግል ኪራይ ከአገሪቱ ቤቶች ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዶ ነበር። ደጋፊዎቹ «ባለቤት ቤቱን መልሶ እንደሚያገኝ ካላወቀ አያከራይም» ይሉ ነበር፤ ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። አንድ ቤት ወርሳ በኪራዩ የምትጦር አሮጊት ባለቤትም አለች፤ የተከራይ መብት የማያሰጋት ሀብታሙን ኩባንያ ሲያሰጋው እርሷን ግን ያስጨንቃታል። ሆኖም ለግል ኪራይ መመንመን ቁጥጥሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ታሪኩን ማጥበብ ነው። በዚያው ዘመን የከተማ ምክር ቤቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ሠርተዋል፤ መንግሥት የቤት ገዥዎችን በግብር ረድቷል፤ ያረጁ ሠፈሮች ፈርሰዋል። ከ1988 በኋላ ኪራይ በእርግጥ አንሰራራ፤ በእንግሊዝ ዛሬ ከአምስት አባወራ አንዱ ገደማ በግል ኪራይ ይኖራል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የአንቀጽ 21፣ ምን ያህሉ ከ1996 ወዲህ ለአከራዮች የተከፈተው የባንክ ብድር ውጤት እንደሆነ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ።

ያላከራከረው ውጤቱ ነው። በ2010ዎቹ በእንግሊዝ አንድ ቤተሰብ ቤት አልባ ሆኖ ወደ ከተማው ምክር ቤት ሲመጣ በመዝገቡ ላይ ቀዳሚው ምክንያት የአጭር ጊዜ ኪራይ ውል ማብቃት ሆነ። ጣሪያ አፈሰሰ ብሎ ለምክር ቤት አቤት ያለ ተከራይ በሁለተኛው ሳምንት ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ ይህ «የበቀል ማስወጣት» የሚል ስም እስኪያገኝ ድረስ ተለመደ። በ2015 የወጣ ሕግ ምክር ቤቱ የጥገና ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ ለስድስት ወር እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ እንዳይሰጥ ከለከለ። ማለትም ምክንያት የማይጠይቀው አንቀጽ፣ የተደበቀውን ምክንያት የሚመረምር ሌላ አንቀጽ ወለደ።

ስኮትላንድ ቀድማ ወጣች። ከዲሴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ በዚያ አዲስ የሚፈረም ኪራይ ማብቂያ ቀን የለውም፤ ባለቤቱ ተከራዩን ለማስወጣት ከአሥራ ስምንት ምክንያቶች አንዱን ማሳየት አለበት። የሜሪ ባርበር ሐውልት በጎቫን የተመረቀው ከዚህ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በማርች 2018 ነበር። በእንግሊዝ ቴሬዛ ሜይ አንቀጽ 21ን ለመሻር ቃል የገቡት በ2019 ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በ2024 ምርጫ ምክንያት ሳይጸድቅ ቀረ፤ ሁለተኛው በኦክቶበር 2025 የንጉሡን ፈቃድ አግኝቶ ሕግ ሆነ፤ አንቀጹ የሚሻርበት ቀንም ሜይ 1 ቀን 2026 እንዲሆን ተወሰነ። አዲሱ ሕግ ውል አድስ ብሎ ባለቤቱን አያስገድድም። የሚያደርገው ከዚያ የጠለቀ ነው፤ በቋሚ ዘመን የሚዋዋሉበትን ኪራይ ራሱን ያስቀራል። ማብቂያ ቀን ከሌለ «አላድስም» የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ሊገባበት ቢፈልግ የአራት ወር ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ያንን ብሎ ካስወጣ በኋላ ግን ለአሥራ ሁለት ወር መልሶ ማከራየት አይችልም። የ1918ቱን ማሻሻያ ያስታወሰ ሰው ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የኪራይን ውል እንደ ማንኛውም ውል ያየዋል። በአንቀጽ 1731 እንደተጻፈው በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። ዘመኑ የተወሰነ የቤት ኪራይ ዘመኑ ሲደርስ ያበቃል፤ ባለቤቱ እያወቀ ዝም ብሎት ተከራዩ ከቆየ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ዝምታ ያድሳል፤ አንድ ቃል ግን ያፈርሳል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የሚያስገርመው በዚያው ዘመን በራሳቸው አገር፣ በሴፕቴምበር 1948 በወጣ ልዩ ሕግ፣ ብዙ የፈረንሳይ ከተማ ተከራዮች ውላቸው ካለቀም በኋላ በቤቱ የመቆየት መብት ነበራቸው። ያ ሕግ ከፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውጭ የቆመ፣ የጦርነት ማግሥት መድኃኒት ተብሎ የታየ ስለነበረ ወደ አዲስ አበባ አልተጓዘም። እኛ የወሰድነው ደንቡን ነው፤ ደንቡ በተጨነቀ ጊዜ የተበጀለት ልዩ ሕግ እዚያው ቀረ።

በዚህ መንገድ እስከ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጓዝን። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከዛሬው ርእሳችን አንጻር ሲነበብ ልዩ ገጽታ አለው። እስከ ሦስት መቶ ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ ከአሥራ አምስት እስከ ሃምሳ በመቶ ቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽ የተደረገው ለአነስተኛው ኪራይ ነው። ዋጋን ብቻ ቢቀንስ ኖሮ ባለቤቶቹ ተከራዮቻቸውን ለማስወጣት በተሰለፉ ነበር። አዋጁ የ1915ቱን የእንግሊዝ ቋጠሮ አልተጠቀመም፤ ባለቤቱን ራሱን ከመሐል አወጣው። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በኋላ ቀበሌ ለምንለው፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። «አላድስም» የሚል ሰው በአንድ ቀን ከከተማው ጠፋ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ያገኘውን ዓይነት መቆያ የግላስጎው ሴቶች እንኳ አላለሙትም፤ ቤቱ ከወላጅ ወደ ልጅ እስኪተላለፍ ድረስ የጸና ነበር። ዋጋው ግን የሚጠግን እጅ መጥፋት ሆነ። ከመቶ ብር በታች የሚሰበሰብ ኪራይ ጭቃውን መልሶ አይለስንም፤ ቆርቆሮውም በተራው ዛገ። ኋላም የመፍረስ ተራ ሲደርስ፣ ከግል አከራይ የዳነው ተከራይ ከመልሶ ማልማት ጋር ተፋጠጠ።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላና ይበልጥም ከ1983 ለውጥ ወዲህ የግል አከራይ ተመለሰ። ሲመለስ የመቆያ ሕግ ይዞ አልተመለሰም፤ የጠበቀው የ1952ቱ ሕግ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ቤቱን አከራይተው የባንክ ዕዳቸውን የሚከፍሉ አዲስ ዓይነት ባለቤቶች ሆኑ። እነዚህን ከ1967 በፊት ከነበሩት ባለርስቶች ጋር አንድ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ሌላ ቦታ በርካሽ ተከራይተው ይኖራሉ። የ1915ቱ ሕግ ለባለቤቱ ዕዳም ያሰበው ለምን እንደሆነ ይህ ያስረዳል።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከራይን ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን በአንድ ላይ ከለከለ። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም ሁለቱን አጣምሮ ለሦስት ወር ከልክሎ ደጋግሞ አራዘመው። ማንም ግላስጎውን ጠቅሶ እንዳልጻፈው እርግጥ ነው፤ ነገሩ ራሱ ያስተምራል። አንዱን ብቻ የከለከለ ሰው በማግሥቱ ሌላኛውን ለመከልከል ይገደዳልና። ከዚያም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጣ። ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንዲሆን፣ የውል ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደነገገ።

የአዋጁን አንቀጾች በዝርዝር መተርጎም የሕግ ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ድርሻ ነው። እኔ እንደ ታሪክ ሰው የማየው፣ ሁለት ዓመት በ1911 ግላስጎው ከነበረው ወር ሲነጻጸር ረጅም፣ ከ1915ቱ ያልተወሰነ መቆያ ሲነጻጸር ግን አጭር መሆኑን ነው። ጠቃሚው ቀን የሁለት ዓመቱ ማግሥት ነው። አዋጁ በወጣበት ዓመት ተፈርመው የተመዘገቡት የሁለት ዓመት ውሎች ማብቂያ በ2018 ዓ.ም. ይደርሳል። በዚያ ቀን ስንቱ ባለቤት ያድሳል፣ ስንቱ «ወንድሜ ሊመጣ ነው» ይላል፣ ከእነዚያ ወንድሞችስ ስንቱ በእርግጥ ይመጣል? ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ሆኗል፤ ውል ሲመዘገብ መዝገብ ይቀራልና።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች አላችሁ። ከምዝገባው መዝገብ ጎን ለጎን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤት ማስለቀቅ ፋይሎች አሉ። የአከራይ ክስ «ጊዜው አልቋል» ብሎ ይጀምርና ይዘጋል፤ የተከራዩ መልስ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር በፊት ስለተጠየቀው ጭማሪ ይተርካል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ቀኖቹን አነጻጽሩ። የጭማሪው ጥያቄ የቀረበበት ቀንና የማስታወቂያው ቀን ምን ያህል ይራራቃሉ? በዚያ መካከል ባሉት ሳምንታት ውስጥ የተነገረው ነገር ሁሉ በፋይሉ ላይ የለም፤ ለእርሱ ደላሎቹንና ጎረቤቶቹን መጠየቅ ይኖርባችኋል።